ቧንቧችን ለምን ያፈሳል? የሰሜን ሸዋ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቧንቧ የሚሠራ ሰው ስልኩ ፋታ የማያገኝበት ሁለት ጊዜ አለ። አንዱ ውርጩ የወረደበት ጠዋት ነው። ሌላው ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ድንገት የመጣበት ሌሊት ነው። የሚደውሉት ሰዎች ይለያያሉ፤ ጥያቄያቸው ግን ያው ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፣ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል። የሸዋ ሮቢት ሰው የውርጩን ነገር ዘሎ ይለፈው፤ የእሱ ጣጣ ፀሐይ ነው፣ ታች ላይ አለ።

ምንም የሚንጠባጠብ ነገር አላይም፤ ሂሳቡ ግን ጨመረ። ውሃው የት እየሄደ ነው?

ቆጣሪውን ጠይቁት። ማታ ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዝጉ። የሮቶውን መግቢያ አትርሱ፤ እሱ እየሞላ ከሆነ ምርመራው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ባትሪ ይዛችሁ ቆጣሪው ጋ ሂዱ። በብዙዎቹ ቆጣሪዎች ፊት ላይ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የመሰለች ትንሽ ነገር አለች። ምንም ሳይከፈት እሷ ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው።

ኮከቧ በጣም በዝግታ የምትዞር ከሆነ በዓይን ላትያዝ ትችላለች። ያኔ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱትና ተኙ። ንጋት ላይ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ድጋሚ አንሱት። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትቆጥሩት 50 ጀሪካን። ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ይናገራሉ። ስውር ማፍሰስ የሚታወቀው በእነሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ የሚሠራው መስመሩ ላይ ውሃ ባለበት ቀን ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቆጣሪው ቆሞ ስላያችሁት ቤቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ውሃ ሲመለስ ደግሞ ቀድሞ የሚገባው አየር ቆጣሪውን ሊያሽከረክረው ይችላል። እሱን አይታችሁ አትደንግጡ።

ኮከቧ ከዞረች ቀጣዩ ሥራ ቤቱ መግቢያ ላይ ያለውን መዝጊያ (ቆጣሪው ጋ ያለውን ሳይሆን) መዝጋት ነው። ቆመች? ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። አልቆመችም? ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው ግቢ ውስጥ፣ መሬት ስር ነው። ይህችን ሁለት ደቂቃ የምትፈጅ ሙከራ ሳያደርጉ ሳሎኑን ሙሉ ሴራሚክ ያስቆፈሩ ሰዎች አውቃለሁ። ቀዳዳው የተገኘው የግቢው በር ጋ ነበር።

ዋናው መዝጊያ የቱ ነው?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ በስልክ፣ ውሃ ላይ ቆሞ ነው። አንድ የበዓል ዋዜማ ተጠርቼ ሄጄ አራት ሰው በባትሪ መዝጊያ ሲፈልግ ደረስኩ። የተገኘው ከማገዶ ክምር ስር ነው። ተገኝቶም አልዞረም፤ ዝጎ ነበር።

ዛሬውኑ ፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ ከቆጣሪው ቀጥሎ ነው ያለው። ክብ እጀታ ያለው ከሆነ ብዙ ዙር ይፈልጋል፤ ሳይነካ ዓመታት ከቆየም ይጣበቃል። በየሁለት ሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ዝጉትና ክፈቱት። እስከ መጨረሻው ከፈታችሁ በኋላ ሩብ ዙር መለስ አድርጉት፤ እንዲያ ሲሆን አይነክስም። ዘንግ እጀታ ያለው፣ በአንድ ሩብ ዙር የሚዘጋው ዓይነት ይሻላል። ስትቀይሩ እሱን ግዙ። ቤት ውስጥ ያሉ ልጆችም የት እንዳለ ይወቁት፤ የአሥር ዓመት ልጅ ይዘጋዋል።

ውርጭ ቧንቧ ይሰነጥቃል የሚሉት እውነት ነው? ፈረንጅ አገር መስሎኝ ነበር።

እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ጣርማ በርና መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። በጥቅምት አንድ አጥንት ያሉት አባቶቻችን ብርዱን አውቀውት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ነው። እሱ ሲገፈፍ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ለሰማይ ይሰጣል። ስለዚህ ማታ ኮከቡ ደምቆ ካያችሁት ስለ ቧንቧችሁ አስቡ።

ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ይሰፋል። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚሰፋበት ቦታ የለም። ብዙ ሰው ቱቦው የሚሰነጠቀው በረዶው ባለበት ቦታ ይመስለዋል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። በረዶው እንደ ቡሽ ይሆንና እየሰፋ ሲሄድ በእሱና በተዘጋው ቧንቧ መካከል የተያዘውን ውሃ ይገፋዋል። ግፊቱ መሄጃ ሲያጣ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል። ደካማው ቦታ ብዙ ጊዜ መታጠፊያው፣ ለመጋጠሚያ ጥርስ የወጣበት ጫፍ ወይም የቧንቧው አንገት ነው።

ተንኮሉ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ቱቦው የሚሰነጠቀው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ግን አያፈስም፤ በረዶው ራሱ ደፍኖታል። የቤቱ ሰው ተነስቶ ቧንቧ ይከፍታል፣ ጠብ የሚል የለም። «ዛሬም ጠፋ» ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። ፀሐይ ግድግዳውን ስትመታ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ በረዶው ይቀልጣል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ከተሰነጠቀው ቱቦም፣ ተከፍቶ ከቀረው ቧንቧም ውሃው ይንፎለፎላል። እኔ ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ ልክ ይኸው ሆኗል። ምሳ ሰዓት ስመለስ የጎረቤቴ ጫማዎች በረንዳው ላይ ይንሳፈፉ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው እኔ፣ ቧንቧውን ከፍቼ የሄድኩትም እኔ።

ታዲያ በምን ልሸፍነው?

በቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ቱቦ ላይ የሚገባ ስፖንጅ ጥሩ ነው። ከሌለ አሮጌ ብርድ ልብስ ቀዳችሁ ጠቅልሉት። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ እየኖርን በዚህ አንቸገርም። ጆንያም ይሆናል። ዋናው ነገር ከላዩ ላስቲክ ማልበስ ነው። የረጠበ ጨርቅ ቱቦን አያሞቅም፤ እንዲያውም ያቀዘቅዘዋል። ብዙ ሰው ይጠቀልልና ላስቲኩን ይተወዋል። የመጀመሪያው ጤዛ ሲያርፍበት ድካሙ ሁሉ ውሃ በላው።

ለመሸፈን ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው ነው? ግቢ መሐል ቆሞ ለሚውለው ብቸኛ ቧንቧ። ከዚያ ከሮቶው ለሚወርደው ቱቦ። ከዚያ ደግሞ ፀሐይ አርፍዳ ለምታገኘው፣ ከቤቱ ጀርባ ላለው መስመር። ቆጣሪው ያለበትን ሳጥን በገለባ የሞላ ከረጢት ሙሉት፤ ሲነበብ አውጥቶ መመለስ ነው።

መሬት ስር ያለው ቱቦ ግማሽ ሜትር ከተቀበረ የኛ ውርጭ አያገኘውም። የኛ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው፤ ቀን ፀሐይ ትመልሰዋለች። ችግሩ ቁፋሮው በጉልበት ስለሆነ ሠራተኛው አንድ ስንዝር ቆፍሮ ይበቃል ማለቱ ነው። ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ራሳችሁ ለኩ።

የግቢውን ቧንቧ ማታ ማታ ባዶ ማድረግ ከቻላችሁ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ መዝጊያና ማፍሰሻ ይገጠማል። ማታ ዘግታችሁ ውሃውን ታወጡታላችሁ። ባዶ ቱቦ አይፈነዳም።

ቧንቧው በረዶ ሆነ። ኩበት አንድጄ ላሙቀው?

በፍጹም። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ብረቱም በመገጣጠሚያው ይለቃል። የፈላ ውሃም አትድፉበት። መጀመሪያ ቧንቧውን ክፈቱ፤ የሚቀልጠው መውጫ ያግኝ። ከዚያ በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ጠቅልሉበት። ከቧንቧው አፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከመሐል ከጀመራችሁ የቀለጠው ውሃ ሁለት በረዶ መካከል ይታፈናል። ካልቸኮላችሁ ግን ፀሐይን ጠብቁ። ቤቱን ለቅቃችሁ አትሂዱ እንጂ።

ውሃ ሲመለስ ቱቦው ለምን ይንኳኳል?

ውሃ ሲጠፋ ቱቦዎቹ ውስጥ አየር ይገባል። ሲመለስ ውሃው አየሩን እያሳደደ ይመጣል። አየር ይጨመቃል፣ ከዚያ ይፈናጠራል። ውሃው መታጠፊያውን በመዶሻ እንደመታ ይመታዋል። ፈረቃ ባለበት ሰፈር መገጣጠሚያዎች ቶሎ የሚላሉት በዚህ ነው። ሌሊት ደግሞ የሚጠቀም ሰው ስለሚቀንስ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል። ውሃው በሌሊት ከመጣ ሁለቱ ተደማመሩ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃ ሲጠፋ ዋናውን መዝጊያ ግማሽ ዝጉት። ሲመለስ በቀጭኑ ይገባል። ከሁሉ ከፍ ብሎ ያለውን ቧንቧ በጥቂቱ ከፍታችሁ አየሩ እያስነጠሰ እንዲወጣ አድርጉ። ማስነጠሱ ሲቆም ዝጉትና ዋናውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት።

ይህን ለማድረግ ግን ቤት መሆን ያስፈልጋል። ካልሆናችሁ ቢያንስ ቧንቧ ከፍታችሁ አትውጡ። «መጣ እንዴ?» እያሉ ከፍቶ አይቶ ሳይዘጉ መሄድ የሁላችንም በሽታ ነው። ውሃ ሳይኖር ወደየት ሲዞር እንደሚዘጋ መርሳትም አለ። አዲስ ቧንቧ ስገጥም እጀታው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት የማደርገው ለዚህ ነው።

የብረት ቱቦ ይሻላል ወይስ የፕላስቲክ?

እንደ ቦታው ነው። ጋልቫናይዝ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባው ብረት፣ ጠንካራ ነው፤ መኪና ቢረግጠው፣ በግ ቢታከክበት አይደነግጥም። ግን ዝገት ይበላዋል። ዚንኩ የሚላጨው ጥርስ ሲወጣለት ነው። ስለዚህ መዛግ የሚጀምረው መገጣጠሚያው ላይ ነው። የ20 ዓመት ብረት ቱቦ ቆርጣችሁ ብታዩት ውስጡ በዝገት ጠብቦ እርሳስ ብቻ የሚያሳልፍ ይሆናል። አንዱን ጫፍ ሲፈቱት ሌላው ይሰበራል። እንደዚያ ዓይነቱን መጠገን ወንፊት መድፈን ነው። መስመሩን ቀይሩት።

በሙቀት የሚጣበቀው፣ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ አሁን በየቤቱ የገባው ነው። አይዝግም። ጥሩነቱም መጥፎነቱም ማጣበቂያው ላይ ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ አለበት። 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ 5 ሰከንድ ይሞቃል፣ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ካነሰ አይያዝም፤ ዛሬ ባያፈስ ከርሞ ያፈሳል። ከበዛ የቀለጠው ወደ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን ያጠባል። የኛ አገር ጠዋት ብርድ ስለሆነ የማሞቂያው ጊዜ መርዘም አለበት። ሰከንዱን የማይቆጥር ሠራተኛ ካያችሁ እናንተ ቁጠሩለት። አይቀየማችሁም። ቢቀየምም ይቀየም።

ፒፒአር ሌላ ጠባይ አለው። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። በውርጭ ጠዋት መሬት ላይ መወርወር ወይም በመዶሻ መንካት የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያመጣል። ሠራተኛው ቱቦውን ከመኪና ላይ ሲያራግፍ ተመልከቱት።

ለግቢ፣ መሬት ስር ለሚሄደው ጥቁሩ ፕላስቲክ ጥቅልል ይሻላል። ይለጠጣል፤ ውርጭንም ከብረት ይልቅ ይችላል። ጥቅልሉ ረጅም ስለሆነ መሐል ላይ መገጣጠሚያ አይኖረውም። የማያፈስ መገጣጠሚያ ማለት የሌለው መገጣጠሚያ ነው።

እኛ ሸዋ ሮቢት ነን። ውርጭ አናውቅም፤ ቱቦው ግን ይሰነጠቃል።

ፀሐይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከደብረ ብርሃን በጥቂት ሰዓት መንገድ ሌላ አገር። ነጩም አረንጓዴውም ቱቦ ለፀሐይ ከተጋለጠ ከጊዜ በኋላ ይገረጣል፣ እንደ ደረቅ አገዳ ይሰበራል። ጥቁሩ የተሻለ ይቋቋማል። ሌላው ነገር መርዘም ነው። 10 ሜትር ፒፒአር ቱቦ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢጨምር ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ማታ ደግሞ ይሰበሰባል። ሁለቱ ጫፎቹ በሲሚንቶ ከታሰሩ በየቀኑ መታጠፊያውን ይገፋዋል፣ ይጎትተዋል። መሐል ላይ አንድ የመታጠፊያ ቀለበት ይኑረው፤ ግድግዳው ላይ የሚይዘውም ማሰሪያ የሚያንሸራትት ይሁን። ከተቻለ ግን ቅበሩት።

መገጣጠሚያው ላይ ቃጫ ይሻላል ወይስ ቴፍሎን?

ብረት ለብረት ከሆነ፣ በተለይ ጥርሱ ያረጀ ከሆነ፣ እኔ ቃጫ ነኝ። ቃጫ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ጥርሱን ይሞላል። ከላዩ ቀለም ወይም የቧንቧ ማጣበቂያ ይቀባል፣ አለዚያ ይበሰብሳል። ፕላስቲክ ጥርስ ላይ ግን ቃጫ አብዝታችሁ ካሰራችሁ እብጠቱ ራሱ ይሰነጥቀዋል። እዚያ ቴፍሎን፣ ነጩ ስስ ጥብጣብ ነው።

ቴፍሎን ሲጠቀለል ጥርሱን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ሲጠብቅ ይፈታል። ሁለት ዙር አድርጎ መተው ደግሞ የለመድነው ስስት ነው። ለባለ ግማሽ ኢንች አሥር ዙር ያህል ይሁን፤ እየሳባችሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እማማ ቤት የእጅ መታጠቢያ ገጥሜ ነበር። ትንሽ ሲያዣ ጊዜ ቁልፍ ይዤ አጠበቅሁት። አሁንም አዣ። ደግሜ አጠበቅሁት። ጠሽ አለ። ያኔ ያወቅኩት ነገር ቢኖር የሚያዥ መገጣጠሚያ ሁልጊዜ የላላ አይደለም። ይፈታ፣ ይጸዳ፣ እንደ አዲስ ይጠቅለል። እማማ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «አንተ ጉልበተኛ» ነው የሚሉኝ።

እነዋሪ ነን። መሬት ስር ያለው ቱቦ በየዓመቱ በጋ ላይ ይለያያል።

መረሬ ነው የሚያደርገው። የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ያ አፈር ቱቦውን ይዞ ይንቀሳቀሳል። ብረት ቱቦ በመገጣጠሚያው ይለያያል፣ ፒፒአር ይጎብጣል።

ጉድጓዱን ሰፋ አድርጋችሁ ከስርም፣ ከጎንም፣ ከላይም አንድ ስንዝር አሸዋ አልብሱት። አፈሩ ሲንቀሳቀስ አሸዋው ይቀበለዋል። ጥቁሩን ጥቅልል አድርጉ፣ ስትዘረጉትም ትንሽ ላላና ጠምዘዝ ይበል፤ እንደ ክራር ክር አይወጠር። ከቤቱ መሠረት ስር የሚገባበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰፊ ቱቦ እንደ ቀሚስ አልብሱት። ቤቱና አፈሩ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ በመሐላቸው የሚቆረጠው ቱቦው ነው።

በመረሬ ላይ የሚያፈስ ቱቦ በክረምት አይታወቅም፤ ሁሉም ጭቃ ነው። በበጋ ግን ግቢው በሙሉ ተሰነጣጥቆ አንድ ቦታ ብቻ ካልተሰነጠቀ፣ ወይም አንድ ጥግ ላይ ሣሩ ለምለም ከሆነ፣ እዚያ ቆፍሩ።

ሮቶው ስር ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሮቶው ተቀድዶ ይሆን?

ብዙ ጊዜ ሮቶው ደህና ነው። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 10 ኩንታል ነው። አሥር ኩንታል ጤፍ የተጫነበት የእንጨት ቆጥ አስቡ። ማማው በትንሹ ሲሰምጥ ወይም ሲያዘም ሮቶው አብሮ ይወርዳል። ከስሩ በብረት ቱቦ ድርቅ ብሎ የታሰረው መውጫ ግን አይወርድም። የሚቀደደው እዚያ ነው። መውጫው ላይ አጭር የሚተጣጠፍ ቱቦ ማስገባት ይህን ያስቀራል። የሮቶው መቀመጫ ደግሞ ሙሉ ጣውላ ወይም ሲሚንቶ ይሁን። ክፍተት ባለው ብረት ላይ ብቻ ከተቀመጠ ሆዱ በክፍተቱ ይዘረገፋል።

ላዩ ላይ የሚፈስ ከሆነ ተንሳፋፊው ኳስ ነው። ውሃ ሞልቶ አይዘጋም ማለት ነው። ኳሱን ነቅንቁት፤ ውስጡ ውሃ ከገባ ይቀየራል።

ሽንት ቤቱ ያፈሳል ብለህ ለምን ትጠረጥራለህ? ድምፅ የለውም እኮ።

ስለሌለው ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለችው ጎማ ስትደርቅ ውሃው ሳይሰማ ወደ ሳህኑ ይንሸራተታል። መሞከሪያው ቤታችሁ አለ። ቡና ተጠጥቶ በረካው ሲያልቅ አተላውን አጥልላችሁ ጥቁሩን ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩት። ግማሽ ሰዓት ማንም አይጠቀም። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ቡናማ ከሆነ ጎማዋን ቀይሩ። ዋጋዋ ከቡናው ብዙም አይበልጥም።

ለሚንጠባጠበው ቧንቧም እንዲሁ ቀላል ልኬት አለ። ባለ ግማሽ ሊትር ዕቃ ስሩ አስቀምጡ። በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 12 ሊትር ነው። በወር 360 ሊትር፤ 18 ጀሪካን። ውሃ ሲጠፋ አንድ ጀሪካን ስንት እንደምትገዙ አስታውሱና አባዙት።

ቦይለሩ ስር ያለችው ትንሽ ቧንቧ ሲሞቅ ታንጠባጥባለች። ልድፈናት?

አትድፈኗት! ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ እሷ ትርፉን የምታስወጣ ናት። ብትደፈን ግፊቱ ታንኩ ውስጥ ይጠራቀማል። ቦይለር ሲፈነዳ ጣሪያ ይዞ ይሄዳል። በማሞቂያው ሰዓት ጥቂት ብታንጠባጥብ ሥራዋን እየሠራች ነው። ቀኑን ሙሉ ካፈሰሰች ግን ወይ እሷ አርጅታለች፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ባለሙያ ይያት።

አንኮበር ቁልቁለቱ ላይ ነው ቤታችን። የሻወሩ ቱቦ በየስድስት ወሩ ይፈነዳል።

የከተማው ማጠራቀሚያ ከቤታችሁ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው? በየ10 ሜትሩ አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ይጨመራል። 60 ሜትር ዝቅ ብላችሁ ከሆነ 6 ባር ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ ይህ በዛ። ከቆጣሪው በኋላ ግፊት መቀነሻ አስገጥሙ፤ ወደ 3 ባር ገደማ ይስተካከላል። ቱቦ ስትገዙም ጎኑ ላይ የታተመውን አንብቡ። ፒኤን 10 ማለት በ20 ዲግሪ ሙቀት 10 ባር ይችላል ማለት ነው። ሙቅ ውሃ ሲሄድበት አቅሙ ይቀንሳል፤ ለሙቅ መስመር ፒኤን 20 ውሰዱ።

ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ፣ ከሮቶ ብቻ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህ አይመለከታችሁም። ሦስት ሜትር ማማ የሚሰጠው 0.3 ባር ነው። የእናንተ ችግር ሻወሩ አለመምጣቱ ነው።

ቤታችን የእንጨትና ጭቃ ነው። ቱቦውን ግድግዳ ውስጥ ላስገባው?

አታስገቡት። ሲሚንቶ ቤት ላይ የሚያፈስ ቱቦ ቀለም ያበላሻል። ጭቃ ቤት ላይ ግን ጭቃውን ያላላል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ምስጥ ይጠራል። ቱቦው ግድግዳው ላይ፣ በዓይን በሚታይበት ይሂድ። አያምርም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አያምርም።

የሲሚንቶ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ከመለሰኑ በፊት መስመሩን በውሃ ሙሉና ተጭኖ ይደር። የመሞከሪያ ፓምፕ ያለው ሠራተኛ ከተገኘ ከሚሠራበት ግፊት በአንድ ተኩል እጥፍ ይሞክረው። ከዚያ እያንዳንዱን ግድግዳ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ሜትር ዘርግታችሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ መስታወት ለመስቀል የምትበሱት ሚስማር የት እንደሚያርፍ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።

እኩለ ሌሊት ፈነዳ። ሠራተኛ አይገኝም። ምን ላድርግ?

ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። ውሃው ወደ ሶኬት ወይም ወደ መብራት ማከፋፈያው የሚሄድ ከሆነ ውሃው ውስጥ ሳትቆሙ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። መድረስ ካልቻላችሁ ከቤት ውጡ። ሮቶ ካላችሁ የሮቶውንም መውጫ ዝጉ፤ ብዙ ሰው የቆጣሪውን ዘግቶ ከላይ 1,000 ሊትር እንዳለ ይረሳል።

ከዚያ ቱቦውን አድርቁት። የአሮጌ ብስክሌት ወይም ሞተር ካላማዳሪ በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡ። እየለጠጣችሁ፣ ከስንጥቁ አንድ ስንዝር በፊት ጀምራችሁ እየደራረባችሁ ጠቅልሉ። ጫፉን በሽቦ እሰሩት። መዝጊያውን ሩብ ያህል ብቻ ክፈቱ። ይህ ለአንድ ለሁለት ቀን ነው። ሦስት ዓመት በካላማዳሪ የኖረ ቱቦ አይቻለሁ፤ ባለቤቱም በእሱ ይኮራል። እናንተ አትኩሩ።

ተከራይ ነኝ። የሚያፈሰውን የሚያሠራው ማነው?

ከቆጣሪው በፊት ያለ መስመር ከሆነ የከተማው የውሃ አገልግሎት ሥራ ነው፤ ደውሉላቸው፣ ራሳችሁ አትንኩት። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የግቢው ነው። በአከራይና በተከራይ መካከል ግን እንደ ውላችሁ ነው። ሰው ሲከራይ ስለ በርና መስኮት ይነጋገራል፣ ስለ ቧንቧ አይነጋገርም። ስትገቡ የቆጣሪውን ቁጥር ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱ። የኮከቧንም ሙከራ ያኔውኑ፣ እሳቸው ባሉበት አድርጉት። ዞራ ካገኛችኋት ዕቃችሁን ከማራገፋችሁ በፊት ተነጋገሩበት።